ከጠፋ ራዳር የሚዋሽ ራዳር ይብሳል

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ደጄ ላይ ቡና እየጠጣሁ፣ ኢንጂነሪንግ ሊመረቅ የደረሰ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ራዳር ቢበላሽ አውሮፕላን ይወድቃል እንዴ?» አለኝ። «አይወድቅም» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እና መልሱን ለእሱም፣ እኔ ወደኖርኩበት የራዳር ጥገና ሙያ ለመግባት ላሰባችሁም ልጻፈው።

ራዳር ጭራሽ ቢጠፋ ሥራው ይንቀራፈፋል እንጂ አይቆምም። የበረራ ተቆጣጣሪው የእያንዳንዱ በረራ መረጃ ወደሚጻፍበት ቁራጭ ወረቀት፣ ወደ ስትሪፑ ይመለሳል። አብራሪዎች የት እንደደረሱና ከፍታቸውን በሬዲዮ ይናገራሉ። በራዳር 5 ኖቲካል ማይል (9 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይበቃ የነበረው ርቀት፣ በአንድ መስመር ለሚከታተሉ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሆናል። አሰልቺ ነው። ግን ሁሉም ሰው ስክሪኑ እንደማያይለት ያውቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ስክሪኑ በርቶ ሲዋሽ ነው።

አንድ የድሬ ሰው አለቃ ነበረኝ። አባቱ ሸሚኖ፣ ማለትም የባቡር ሠራተኛ፣ ስለነበሩ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ደጃፍ ነው ያደገው። ሲናደድ በፈረንሳይኛ ይሳደባል፤ ትርጉሙን የሚነግረን ስላልነበር አንቀየምም። የምንሠራው ከድሬ ርቀን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተቆጣጣሪው ደውሎ «አንዱ አውሮፕላን ሁለት ሆነብኝ» አለ። ሁለቱም ነጥቦች ላይ ያው አውሮፕላኑ የሚለይበት ባለ አራት አሃዝ ኮድ ነው ያለው። እኛ ወጣቶቹ ካቻቢቴ ይዘን ወደ ማሽኑ ሮጥን። እሱ «እስቲ ቆዩ» አለ። የትርፉን ነጥብ አቅጣጫ በዲግሪ ጠየቀ፣ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ተከተልነው። መስመሩ በሚያልፍበት በኩል አዲስ መጋዘን ቆሟል። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። በዚያ ፀሐይ ዓይን ይወጋል።

ሴኮንደሪ ራዳር አውሮፕላኑን በ1,030 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፣ አውሮፕላኑ ላይ ያለው መላሽ መሣሪያ፣ ትራንስፖንደሩ፣ በ1,090 ይመልሳል። ጥያቄውና መልሱ ቆርቆሮው ላይ ሲነጥር፣ ራዳሩ አውሮፕላኑ በመጋዘኑ በኩል ያለ ይመስለዋል። የገደል ማሚቶ በሉት። መንገዱ ስለሚረዝም ሐሰተኛው ነጥብ ራቅ ብሎ ይታያል። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር። ብንፈታው ግን አንድ ነገር ማበላሸታችን አይቀርም ነበር።

አለቃችን በዚያ አቅጣጫ የሚታየው እንዳይታመን ለተቆጣጣሪዎቹ ጻፈ። የበላዮቹ እንግዳ ሊመጣ ነው ብለው «ይሠራል በል» እያሉ ወጠሩት። እምቢ አለ። የሥራ መዝገባችን፣ ሎግ ቡኩ ላይ ግን የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሐሰተኛ ምልክት፣ ተለይቷል»። ዲግሪው፣ ወረቀት ላይ ያሰመረው መስመር፣ ቆርቆሮው አልተጻፈም። ጡረታ ወጥቶ ድሬ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሕንፃ ተሠርቶ ያው ችግር ሲመጣ፣ አዲሶቹ ልጆች ማሽኑን ሲፈቱና ሲገጥሙ ከረሙ። እኔ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ስለነበር የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያስጽፈው አጣ።

ጁላይ 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰው ሞተ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ሰማዩን የሚቆጣጠረው ዙሪክ ነበር፤ የራዳር ሥርዓቱ ለጥገና በከፊል ተቋርጧል። የግጭት ማስጠንቀቂያው ስክሪን ላይ አይታይም፣ ዋናው ስልክ አይሠራም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ቦታ ይሠራል። የጥገናው መመሪያ ምን ምን እንደሚጓደል አልዘረዘረም።

በአንጻሩ ኦገስት 28 ቀን 2023 የእንግሊዝን አስቡ። የበረራ ዕቅድ የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ አንድ ዓይነት መጠሪያ ያላቸው ሁለት ቦታዎች ያሉበት ዕቅድ ሲደርሰው ግራ ገብቶት ራሱን ዘጋ። መጠባበቂያውም የሚሠራው በዚያው ሶፍትዌር ስለሆነ ያንኑ ዕቅድ ተቀብሎ ተከተለው። እሱንስ መጠባበቂያ ማለት ይከብዳል። ከ700,000 በላይ መንገደኛ ተጉላላ፣ ዓለም ሰደባቸው። እኔ ግን መዘጋቱን ወደድኩት። የተሳሳተ መረጃ ለተቆጣጣሪ ከማቀበል ይሻላል።

እናንተ ስክሪን ታምናላችሁ። ስልካችሁ ካላለ ዝናብ መዝነቡንም አትቀበሉም። መቼም እኛም ካቻቢቴ ይዘን ስንሮጥ ያው ነበርን። እንዲያውም ያን ቀን ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ እንደ እናንተ ያለ አንድ ልጅ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይጠፋም ነበር።

እንግሊዝኛ ተማሩ፣ በሰዓት ግቡ የሚለውን አልደግመውም። ሎግ ቡክ ላይ ግን አትሰስቱ። ሰዓቱን፣ ኮዱን፣ አቅጣጫውን ጻፉ። የጠረጠራችሁትን ጻፉ። ፈትሻችሁ ጤነኛ ሆኖ ያገኛችሁትንም ጻፉ፤ ቀጣዩ ተረኛ እንደገና እንዳይፈታው።