ፓርቲ ለሌላችሁ ወጣት መራጮች

ውድ ወጣቶች፣

በመራጮች ትምህርት ሥራ ላይ ፀጉሬ እስኪሸብት ቆይቻለሁ። አሁን በጡረታ ዘመኔ ወደ እኔ የምትመጡ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ «የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም። ታዲያ ድምፄ ባክኖ እንዳይቀር ምን ላድርግ?» ጥያቄው ደስ ያሰኘኛል። ብዙ ሰው ከፓርቲ ሲርቅ ከሕዝብ ጉዳይም አብሮ ይርቃል፤ እናንተ ግን ሁለቱን ለይታችሁ አይታችኋል።

መልሴ ተሰባሰቡ ነው። ሆኖም ከመሰባሰባችሁ በፊት ስድቡን ለመቻል ተዘጋጁ። ፓርቲ የሌለውን ሰው አንዱ ወገን መሃል ሰፋሪ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ከሁለት ያጣ ጎመን። ምርጫው ሲቃረብና ፉክክሩ ሲጠብብ ግን ሁለቱም ደጃችሁን ማንኳኳታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያገኟችሁ አንድ በአንድ ተበታትናችሁ ከሆነ በተስፋ ቃል ይሸኟችኋል። ተደራጅታችሁ ከጠበቃችኋቸው ግን ተቀምጠው ጥያቄያችሁን ለመስማት ይገደዳሉ።

የሚያሰባስባችሁ ምንድን ነው? በዚህ ላይ ሳትነጋገሩ አንድ እርምጃ አትሂዱ። ብዙዎች የሚጀምሩት በፓርቲዎች ላይ ካላቸው ምሬት ነው፤ ምሬት ደግሞ ለአንድ ምሽት አዳራሽ ይሞላል እንጂ ማኅበር አያቆምም። ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት ወይም ስለ መሬት የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ በተነሳ ዕለት ጎን ለጎን የተቀመጡት ሰዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታወቃል። ይህ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተቋም በቅርብ ዓመታት ባደረጋቸው ጥናቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑ አሜሪካውያን ራሳቸውን ገለልተኛ ብለዋል። ወደየትኛው ፓርቲ ታደላላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ አንዱን ይጠቅሳሉ፤ ድምፅ ሲሰጡም በብዛት ወደዚያው ያዘነብላሉ። ከየትኛውም ያላዘነበለ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የንጽሕና ፈተና አታቁሙ፤ አዲስ መጪውን ባለፈው ምርጫ ማንን መረጥክ ብላችሁ አትጠይቁ። የጋራችሁ ሊሆን የሚገባው የአቋም አንድነት ሳይሆን አሠራር ነው፦ ጥያቄ እንዴት እንደምታነሱ፣ መረጃ እንዴት እንደምትመዝኑ፣ የማትስማሙበትን ሰው እንዴት እስከ መጨረሻው እንደምታዳምጡ።

በዚህ ረገድ የማደንቀው የአሜሪካ የሴት መራጮች ሊግን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተው ይህ ድርጅት እጩንም ሆነ ፓርቲን አይደግፍም፣ አይቃወምም፤ በጉዳዮች ላይ ግን አባላቱ አጥንተውና ተወያይተው በሚደርሱበት ስምምነት አቋም ይይዛል። ከ1976 ጀምሮ የፕሬዚዳንታዊ እጩዎችን ክርክር ያዘጋጅ ነበር። በ1988 የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች የምርጫ ዘመቻ መሪዎች ለብቻቸው ተስማምተው፣ ጠያቂ ጋዜጠኞችን ከመምረጥ አንስቶ አዳራሹ ውስጥ እስከሚገባው ታዳሚ ድረስ እኛ እንወስን አሉ። ሊጉ እምቢ ብሎ ከአዘጋጅነት ወጣ። ትልቅ መድረክ አጣ። እኔ ግን በዚያ ውሳኔ ውስጥ የነጻነትን ዋጋ አያለሁ፤ ከእናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ውሳኔ ይጠበቃል፣ ምናልባትም ከምታስቡት ቀድሞ።

ሥራው የሚጀምረው ከማዳመጥ ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት እንዲ በተባለው የምርጫ ክልል ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ተሰባሰቡ፤ ከዚያም በየቤቱ በገበታ ዙሪያ ውይይት አካሄዱ። ሰዎች በአካባቢያቸው ስለሚያሳስባቸውና ከተወካያቸው ስለሚጠብቁት ነገር ተናገሩ፣ የተናገሩትም ተጻፈ፣ ተጠናቅሮም ለሕዝብ ቀረበ። በ2013 ካቲ ማክጎዋን በግል ተወዳድረው በ439 ድምፅ ልዩነት ወንበሩን አሸነፉ። በ2019 ደግሞ ሔለን ሔይንስ፣ እርሳቸውም የግል ተወዳዳሪ፣ ተተኳቸው።

እናንተም ሞክሩት። ከስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዝምተኛው አይናገርም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብ። ሁሉም በየተራ ይናገር፣ አንድ ዙር እስኪያልቅ ማንም አይመልስ፣ አያርም። ጸሐፊው የሰውየውን ቃል እንዳለ ይጻፍ። አንዲት እናት «ልጄን ሐኪም ቤት ለማድረስ መኪና አጣሁ» ካለች፣ በማስታወሻው ላይ «የመሠረተ ልማት ችግር» ተብሎ አይጻፍ። እንዲህ ከተጻፈ እርሷ ራሷ አንብባ የራሷን ጉዳይ አታውቀውም፣ እጩውም በቀላሉ ያልፈዋል። በመጨረሻ ጸሐፊው የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ተናጋሪዎቹም ያርሙት። ይህን ትንሽ ሥርዓት ብዙ ወጣቶች አሰልቺ ይሉታል። ሆኖም መተማመን የሚወለደው እዚያው ነው፤ ሰው የማይስማማበት ጎረቤቱ ቃሉን ሳያዛባ ሲጽፍለት ያየ ዕለት በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል።

ከውይይቱ ከሚወጣው ማስታወሻ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄዎች አዘጋጁ። ለሁሉም እጩዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ላኩ፤ ተመሳሳይ የመመለሻ ጊዜ ስጡ። መልሳቸውን ሳትቆርጡ አሳትሙ፣ ያልመለሰውን ደግሞ ቦታውን ባዶ ተዉለት እንጂ አትውቀሱት።

የምርጫ ሥርዓታችሁንም አጥኑ፣ ምክንያቱም በጎ ፈቃድ ብቻ ድምፅን ወደ ወንበር አይለውጥም። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቨርዤ ከ70 ዓመት በፊት እንዳሳዩት፣ በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ብቻ ባለበትና ብዙ ድምፅ ያገኘው በሚያሸንፍበት ሥርዓት ፉክክሩ ወደ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ያጋድላል። ሮስ ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በግል ተወዳድረው ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ ሲያገኙ፣ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ ከሚመርጡት የየግዛቱ ወኪሎች ግን የአንዱንም ድምፅ አላገኙም። በእንዲ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል ስለሚመርጥ፣ ማክጎዋን በመጀመሪያ ምርጫ ድምፆች ከተቀናቃኛቸው ወደኋላ ቢሆኑም ከቆጠራው ከወጡ ሌሎች እጩዎች ወደ መራጮቻቸው ቀጣይ ምርጫ የተላለፈው ድምፅ አሻገራቸው። በአሜሪካ የሜይን ግዛት መራጮችም እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ ሥርዓት አጽድቀዋል። በሥርዓታችሁ ውስጥ በር የቱ ጋ እንዳለ ሳታውቁ ሰው አሰልፋችሁ ግድግዳ አትግፉ፤ በር ከሌለም ሕጉ እንዲሻሻል መጠየቅ ራሱ ሁሉንም አመለካከት የሚያሰባስብ ዓላማ ሊሆናችሁ ይችላል።

ማኅበራችሁ እጩ ይደግፍ? የእንዲ ሰዎች ከማዳመጥ ተነስተው እስከ እጩ ድረስ ሄደዋል፣ ሠርቶላቸዋልም። እኔ ግን ለእናንተ አልመክርም። እጩ የደገፈ ማኅበር ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጩውን ጥፋት ለመሸፈን ይፈተናል፣ በአባላቱም መካከል ያልመረጡት እንግዳ ይሆናሉ። ለአንድ የግል እጩ መቀስቀስ የሚሹ አባላት ሌላ ኮሚቴ ያቋቁሙ፣ ሌላ ሒሳብ ይክፈቱ፤ በማኅበሩ ስም ግን አንድም ወረቀት አይበትኑ።

ሒሳብ ካነሳሁ አይቀር፣ ገንዘባችሁ ከብዙ ሰዎች በትንሽ በትንሹ የተሰበሰበ ይሁን። አዳራሹን ማን እንደከፈለ፣ ወረቀቱን ማን እንዳሳተመ በስም ይለጠፍ። ከአንድ ለጋስ የሚመጣ ትልቅ ስጦታ ልብ ቢያሞቅም መልሱለት።

ስለ አመራር ደግሞ ከዚህ የበለጠ እሰጋለሁ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ሮበርት ሚሼልስ እ.ኤ.አ. በ1911 እንደጻፈው፣ ለዴሞክራሲ ቆመናል የሚሉ ድርጅቶች ሳይቀሩ እያደር በጥቂት ሰዎች እጅ ይወድቃሉ። ምክንያቱም ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ የስልክ ቁጥሩን፣ ደብዳቤውን፣ የስብሰባውን አጀንዳ የሚይዘው ያው ትጉህ ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢነት ጊዜው የተገደበ ይሁን፣ ጸሐፊነት በየስብሰባው ይቀያየር፣ መዝገቡን ቢያንስ ሦስት ሰው ያውቀው። በተለይ ከመካከላችሁ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን፣ ጋዜጠኞች የሚፈልጉትን ልጅ ውደዱት፣ ነገር ግን ብቻውን መግለጫ እንዲሰጥ አትተዉት። ለእርሱም ሸክም ነው።

ብዙ ማኅበራት የሚፈርሱት ድምፅ በተሰጠ ማግስት ነው። ስለዚህ ገና ከምርጫው በፊት፣ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ባለው ወር ውስጥ የምትሰበሰቡበትን ቀን ቁረጡ። በዚያ ስብሰባ ላይ አሸናፊው ከምርጫው በፊት በጽሑፍ የሰጣቸውን መልሶች ይዛችሁ ቅረቡ፤ የትኛውን መቼ እንደምትጠይቁ ወስኑ፣ ጠያቂዎቹንም መድቡ። እርሱን ያልመረጡት አባላት ከመረጡት ጋር አብረው ይሂዱ።