ዲግሪ ይዘሽ ጠርሙስ አጣቢ?

ከመንዝ ለጻፍሽልኝ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ከተመረቅሽ ዓመት ሆኖሻል። በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል ለላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተወዳድረሽ ብታልፊም፣ አባትሽና ታላቅ ወንድምሽ «ዲግሪ ይዘሽ ጠርሙስ አጣቢ ልትሆኚ ነው?» ብለው ከልክለውሻል። አንቺም ትልልቁ ግኝት ሁሉ የሚወጣው ከባሕር ማዶ ስለሆነ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል እስኪገኝ ቤት ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ይሻለኛል ወይ፣ ከህዋስ ባዮሎጂ፣ ከዕፅዋት ዘረመልና ከቁስ ኬሚስትሪስ የትኛውን ልያዝ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ከጠርሙሱ ልጀምር፤ የእኔም ሥራ የጀመረው ከዚያው ነውና። አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ፣ የሳሙና ቅሪት ያልለቀቀው ብልቃጥ የሁለት ሳምንት የቲሹ ካልቸር (ዕፅዋትን በብልቃጥ ውስጥ የማባዛት) ሥራ ሲያበላሽ አይቻለሁ፤ ብልቃጡን ያጠብሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ በተጣራ ውኃ ሦስት ጊዜ ሳላለቀልቀው ከእጄ የወጣ ዕቃ የለም። ይህን ትጋት ከመማሪያ ክፍል አላገኘሁትም።

በጋዜጣ የምታነቢው ግኝትም ቢሆን ከእንዲህ ያለ ሥራ የራቀ አይደለም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የአይጥ ቆዳ ህዋስን፣ ወደ ልዩ ልዩ ህዋስ ሊለወጥ ወደሚችለው ግንደ ህዋስ መሰል ሁኔታ መመለሱን ሲያስታውቅ፣ የሥራ ቡድኑ በ24 ጂኖች ጀምሮ አንዱን እያወጣ ሌላውን እየተወ በመሞከር 4ቱ ብቻ እንደሚበቁ ደርሶበት ነበር። ሥራው በ2012 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። «አንዱን እያወጣ ሌላውን እየተወ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሙከራ ህዋስ ማባዛት፣ ሳህን ማዘጋጀት፣ መጠበቅና ሳይታክቱ መመዝገብ ማለት ነው።

ከቤታችንም አብነት አለ። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል የነበረው አበባው እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ባስተዋሉ ጊዜ መንገዱ ተከፈተ፤ ብዙ ገበሬ የወደደው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በማዳቀል ተገኝቶ በ2006 ሊለቀቅ የቻለውም በዚያ መንገድ ነው። ማለዳ ተነሥቶ አበባ ማየት ምን መሣሪያ ይጠይቃል? ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የጤፍ የመጀመሪያው የዘረመል ንባብ የታተመው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ2014 ነው።

አንቺን ይበልጥ የሚነካሽ ግን የባቄላው ጉዳይ ነው። የባቄላውን ቅጠል እያሳበጠ የሚያኮማትረውን ቆርምድ አባትሽ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የበሽታው መንሥኤ ኦልፒዲየም የተባለ ጥገኛ ነው ሲባል ከኖረ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ባቄላ ላይ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ትክክለኛው መንሥኤ ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ጥገኛ መሆኑን አሳየ፤ ጥናቱ የታተመው በ2021 ነው። ጠላትን በስሙ ሳያውቁ መድኃኒትም ሆነ የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ በጨለማ መዳሰስ ነው። እንግዲህ ግኝቱ ሁሉ ውጭ ነው ስትዪኝ፣ የታመመው ባቄላ የበቀለው የት እንደሆነ መልሼ ልጠይቅሽ እወዳለሁ።

ከሦስቱ ዘርፎች የዕፅዋት ዘረመልን ያዢ የምለውም ለዚሁ ነው፤ ናሙናው ከደጅሽ ነውና። የህዋስ ባዮሎጂ የማይቋረጥ መብራትና ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል ይፈልጋል፤ የቁስ ኬሚስትሪ ደግሞ የ2025 ኖቤል ስለወሰደ ዓይን ቢስብም ውድ የሆነ የራጅ መመርመሪያ ይሻል። ሁለቱም ክቡር ሙያ ናቸው፤ ዛሬ ካለሽበት ቦታ ለመጀመር ግን ይከብዳሉ።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ልምጣ። አባትሽ በሬ ሸጠው፣ ተበድረውም አስተምረውሻል፤ ዕዳው እውነተኛ ነው፣ ማገዝም ይገባሻል። ሆኖም በሬ መሸጥ የልጅን ሙያ የመምረጥ መብት አይገዛም። ወንድምሽ ያፈረው ደግሞ በሥራው ሳይሆን ጎረቤት በሚለው ነው፤ ጎረቤት ብድር አይከፍልም። የቴክኒሺያን ደመወዝ ትንሽ መሆኑን አልሸሽግሽም፤ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ያለ ደመወዝ የተቀመጥሽበት አንድ ዓመት ከዕዳው ስንት ብር ቀነሰ? ነፃ የትምህርት ዕድል ስትጠይቂም መምህራኑ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የመመርመር ሥራ) በእጇ የሠራችና አለቃዋ የሚመሰክርላት አመልካች ይሻሉ እንጂ ቤት ተቀምጣ የጠበቀችን አይፈልጉም።

ውጤትሽ 2.9 መሆኑ አንዳንድ በር ይዘጋብሻል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ግን ከዘጋው አንዳንዱን ያስከፍታል። እንግሊዝኛሽን በየቀኑ አንድ ገጽ የጥናት ጽሑፍ እያነበብሽ አሻሽዪ።

የቅጥር ደብዳቤውን ቀኑ ሳያልፍ ፈርሚ፤ ለአባትሽም ከደመወዙ በየወሩ ለብድሩ የምታዋጪውን በቁጥር ንገሪያቸው። ነሐሴ ላይ የባቄላው ቅጠል ማበጥ ሲጀምር ጥቂቱን ከአባትሽ ማሳ ቀጥፈሽ ወደ ላብራቶሪው ውሰጂ። በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልዪው፤ በፌስታል ይሻግታል። ቀኑንና የማሳውን ቦታ በእርሳስ ጻፊበት፤ እስክሪብቶ ርጥበት ሲነካው ይፈሳል።