መልስ፦ ደረጃ ሥር የተገኘው ሻንጣ

ደረጃ ሥር ያየኸውን ባለቤት ያልተገኘለት ሻንጣ ምን ላድርገው ብለህ ጠይቀሃል። አትንካው። "ከፍቼ ልየው" የሚል ጎረቤት ካለም አስቁመው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብሎካችሁ ደረጃ ሥር ከትናንት ማታ ጀምሮ ያለውን ሻንጣ "የኔ ነው" የሚል ከጠፋ፦

1. ልጆቹንና ሰዉን ከደረጃው አርቅ። መስኮት ሥር እንዳይቆሙ።
2. ራቅ ካልክ በኋላ ለፖሊስ 991 ደውል። አጠገቡ ሆነህ ስልክ አታውራ፣ ፎቶ ለማንሳትም አትጠጋ።
3. የብሎኩን ቁጥር፣ የሻንጣውን ቀለም፣ መቼ እንዳየኸው ንገራቸው።

"ምንም ሳይሆን ቢቀር ይስቁብኛል" ብለሃል። ይሳቁ። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ቦምብ የተወረወረው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ነው። መደንገጥህ አያሳፍርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሻንጣውን ሲያስቀምጥ ያየኸው ሰው ካለ መልኩንና ልብሱን ተናገር። ካላየህ ማንንም አትጠቁም። እኛ ብሎክ አንድ ጆንያ ተገኝቶ የሁሉም ዓይን ያረፈው አዲስ የገባ ተከራይ ላይ ነበር፤ አነጋገሩ ለየት ስላለ ብቻ። ፖሊስ ጆንያውን ሲፈትሸው የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻና ቁርጥራጭ ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ተከራዩ ልጅ ግን በሳምንቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ለቀቀ። ያኔ አንድ ቃል አለመናገሬ እስከዛሬ ይቆጨኛል።