‹ሶሪ› ሁልጊዜ ይቅርታ አይደለም፦ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጥያቄያችን ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው፤ ስለ ‹ሶሪ›። የምትመልስልን እህታችን አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ቤት ለሐበሻ ቤተሰቦች ስታስተረጉም 12 ዓመቷ ነው። ጠይቁ።

የሸገር ልጅ፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሶሪ ማለት ይቅርታ አይደል እንዴ? ምኑ ያከራክራል?

አስተርጓሚዋ፦ እንኳን ደህና ቆያችሁኝ። አይደለም። እንደዚያ ብሎ ያመነ ሰው የሚያመጣውን ጣጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ አባት አረፉ። ሐኪሟ ወደ ቤተሰቡ ወጥታ ‹አይም ሶ ሶሪ› አለች። እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ለሴት አያቱ፣ ‹ዶክተሯ ይቅርታ አድርጉልኝ ነው የምትለው› አላቸው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ቀና አሉና ‹ምን አድርጋብኝ ነው ይቅርታ የምትለኝ?› አሉ። ስደርስ ክፍሉ ተደበላልቋል። ሐኪሟ ማለት የፈለገችው ‹እግዜር ያጽናችሁ› ነበር። ይህንን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተናጋሪው አጥፍቷል ወይ? ካጠፋ ይቅርታ በሉ። ካላጠፋ ሌላ ቃል ፈልጉ።

ሥሩንም እዩት። ሶሪ በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ሳሪግ› ነበር። ‹ሶር› ከሚለው ቃል ጋር፣ ማለትም ከቆሰለና ከሚያም ነገር ጋር ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ሐዘን ከሚባለው ‹ሶሮው› የመጣ ይመስለዋል፤ የዚያ ሥር ሌላ ነው። ሶሪ ከመሠረቱ ‹አመመኝ› ነው። የእኛ ይቅርታ ግን ‹ይቅር› ከሚለው ነው፤ የሆነው ነገር ይቅር፣ ይተው። ጥፋት ከሌለ ታዲያ ምኑ ይቀራል?

ቡና አፍቃሪ፦ ‹ኤክስኪዩዝ ሚ›ና ሶሪስ ምን ይለያቸዋል?

አስተርጓሚዋ፦ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሳትነካ ለማለፍ ኤክስኪዩዝ ሚ፤ ከገፋኸው በኋላ ሶሪ። እንግሊዞች ለሁለቱም ሶሪ ይላሉ።

ማር እሸት፦ ሥራ ቦታ አንዷ ተደናቅፋ ወደቀች። ‹ሶሪ፣ ሶሪ!› ብዬ ሮጥኩ። ‹አንቺ ምን አደረግሽ?› ብላ አፈጠጠችብኝ። ክፉ ተናገርኩ?

አስተርጓሚዋ፦ ምንም ክፉ አልተናገርሽም እህቴ። ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። በናይጄሪያ፣ በጋናና በኬንያ እንግሊዝኛም ለተደናቀፈ ሰው ሶሪ ይባላል። ኬንያውያን በስዋሂሊ ‹ፖሌ› ይሉታል። አሜሪካዊ ግን ‹አር ዩ ኦኬይ?› ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንቺ ሶሪ ስትይ በልብሽ ያለው አይዞሽ ነው፤ ወይም ‹እኔን!›። እስቲ ‹እኔን›ን ቆም ብላችሁ እዩት። ሳያልቅ የቀረ ዓረፍተ ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ‹ን› ትበቃለች፤ እሷን ሳይሆን እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። በሰው ፈንታ ራስን መስጠት በአንዲት ቃል! ሶሪ ይህን አይሸከምም። እኔ ይህችን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ሁሌ ይጎድልብኛል።

የጡረታ መምህር፦ ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል። ግን ‹እኔን› የእናቶች ነው። ወንድ አይለውም።

የሸገር ልጅ፦ ኧረ መምህር! አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጉልበቴ በተላጠ ቁጥር ‹እኔን አባቴ› ይለኝ ነበር።

የጡረታ መምህር፦ የከተማ አባት ይሆናል። እኛ አገር ወንድ ‹አይዞህ፣ ተነስ› ነው የሚለው።

ቡና አፍቃሪ፦ ‹እኔን ይድፋኝ›ስ? አያቴ ድስት ሲገነፍልባትም ትለው ነበር።

የሸገር ልጅ፦ ለድስት?

አወያይ፦ ቤተሰብ፣ ወደ ሶሪ እንመለስ።

አስተርጓሚዋ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወንዶችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ሐኪም ቤት ውስጥ በተለይ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም። ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ብታብራሪልን።

አስተርጓሚዋ፦ የትኛውን ቃል? ለይተህ ጠይቀኝ።

ሾፌሩ፦ መኪና ሲጋጭ ሶሪ ካልኩ ጥፋቱን አመንኩ ማለት ነው?

አስተርጓሚዋ፦ ይሄ የጠበቃ ጥያቄ ነው። እንደየአገሩና እንደየስቴቱ ይለያያል። ማሳቹሴትስ በ1986 የሐዘኔታ ቃል የጥፋት ማስረጃ እንዳይሆን ሕግ አውጥቷል፤ ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በ2009። የአንተን ስቴት ጠበቃ ጠይቅ።

የጡረታ መምህር፦ መንግሥታት ለምን ሶሪን ትተው ‹ሪግሬት› ይላሉ?

አስተርጓሚዋ፦ ሪግሬት ስለሚቀል ነው መምህር። ‹ባይሆን ጥሩ ነበር› ይላል እንጂ ያደረገውን ሰው አይጠራም። አውስትራሊያን ይመልከቱ። መንግሥት የአገሩ ጥንተ ነዋሪ የሆኑትን የአቦሪጂን ሕዝቦች ሕፃናት ለብዙ አሥርት ዓመታት ከወላጆቻቸው እየነጠቀ ኖሯል። በ1999፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በጆን ሃዋርድ ጊዜ፣ ፓርላማው ያጸደቀው ቃል ሪግሬት ነበር። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ከእሱ ቀጥሎ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኬቨን ራድ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ሶሪ ያለው የካቲት 2008 በፈረንጆቹ ነው። ሰው አደባባይ ወጥቶ እያለቀሰ ሰማው። በአንዲት ቃል ዘጠኝ ዓመት ተከራከሩ! በአቦሪጂኖቹ እንግሊዝኛ ደግሞ ለቅሶና ሥርዓቱ ‹ሶሪ ቢዝነስ› ይባላል። ያ የጥንቱ ሕመም እዚያ አለ።

ናፍቆት፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ሶሪ በአማርኛ ምንድን ነው?

አስተርጓሚዋ፦ ከላይ ተመልሷል፣ እባክሽ አንብቢው። ተናጋሪው አጥፍቷል ወይ? ሦስተኛ ጊዜ አልደግመውም።

ማር እሸት፦ ልጁስ? አሳዘነኝ።

አስተርጓሚዋ፦ እኔም ያሳዝነኛል። አያቱን በሞት ባጣበት ሰዓት ነው ያንን ሸክም የተሸከመው። እባካችሁ፣ እባካችሁ ሐኪም ቤት ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ‹አማርኛ› ብላችሁ መጠየቅ ብቻ ነው። ካልመጣ በስልክ ያገናኛሉ።

ቡና አፍቃሪ፦ ሐኪሟስ ምን አለች?

አስተርጓሚዋ፦ ደነገጠች። ‹ታዲያ ምን ልበላቸው?› አለችኝ። ‹እግዜር ያጽናችሁ›ን በፈረንጅ ፊደል በወረቀት ጻፍኩላት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከአፏ ጋር አለማመደችው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና የሴትዮዋን እጅ ይዛ አለቻቸው። ‹ጽ›ዋን አልቻለችም። እሳቸው ግን ‹አሜን› አሉ።