ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሊፍት መጠየቅ ያሳስራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ሲያትል ነው የምኖረው፣ መኪና የለኝም። በሰመር ከጓደኛዬ ጋር ኦርካስ ደሴት ሄደን ሞራን ስቴት ፓርክ ልናድር አስበናል፣ ከፌሪው ወርደን በሊፍት ለመሄድ ነበር ሀሳባችን። አጎቴ ግን "አሜሪካ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መለመን ያሳስራል፣ ወረቀትህን እንዳታበላሽ" ብሎ አስፈራራኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አጎትህ ስለሚወድህ ነው የሰጋው፣ ግን ዋሽንግተን ስቴት ላይ ሊፍት መጠየቅ በጅምላ የተከለከለ ነገር አይደለም። የስቴቱ ሕግ ቁጥር 46.61.255 የሚለው፣ መኪና ከመንገዱ ወጣ ብሎ በደህና መቆም የማይችልበት ቦታ ላይ ቆመህ አትጠይቅ ነው፣ ፍሪዌይ ላይ ደግሞ የሚፈቅድ ምልክት ካልተተከለ በቀር ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ አይ-5 ዳር ወይም አይ-90 ዳር መቆም የለም፣ ራምፑ (ወደ ፍሪዌዩ መግቢያው) ላይም እንደዛው፣ እግረኛ አይገባም ከሚለው ታፔላ በፊት ያለው የከተማው መንገድ ላይ ነው መቆም ያለብህ። መኪና ተበላሽቶ የምር ችግር ላይ የወደቀ ሰው ግን እርዱኝ ብሎ ቢጠይቅ ሕጉ አይከለክለውም። እንደ ኦሎምፒክና ማውንት ሬኒየር ያሉት ናሽናል ፓርኮች በፌደራል ደንብ ስለሚተዳደሩ እዛ ፓርኩ ራሱ ከፈቀደው ቦታ ውጪ ክልክል ነው፣ ሞራን የስቴት ስለሆነ ይሄ አይመለከትህም።

ለናንተ ጉዞ እኔ የምመክረው መንገድ ዳር ከመቆም ፌሪው የሚነሳበት አናኮርተስ ወደብ ላይ እንድትጠይቁ ነው። መኪኖቹ ፌሪ ሲጠብቁ ሞተር አጥፍተው ተሰልፈው ነው የሚቆዩት፣ ሰዉም ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ቀረብ ብላችሁ ሰላም ብላችሁ "ኢስትሳውንድ ድረስ ብታደርሱን" ማለት ነው፣ ኢስትሳውንድ የደሴቱ ዋና መንደር ነው፣ ከደሴቱ ወደብ 8 ማይል ገደማ ቢሆን ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት አይታችሁ፣ አውርታችሁ ነው የምትገቡት፣ ጠጥቶ ከሆነም ያስታውቃል፣ እየበረረ መጥቶ ድንገት ከሚቆም መኪና ጋር በፍጹም አይወዳደርም።

የግድ መንገድ ላይ ከሆነ በቀን ብርሃን ብቻ፣ መኪና ፍጥነት በሚቀንስበት ቦታ፣ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቃችሁ ቁሙ። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንስታችሁ ለአጎትህ ላኩለት፣ ሹፌሩም ስትልኩ ይይ፣ ጥሩ ሰው በዚህ አይከፋም። ቦርሳ ትራንክ ውስጥ አይገባም፣ እግራችሁ ስር ይሁን፣ ምክንያቱም መውረድ ስትፈልጉ ወዲያው መውረድ አለባችሁ። ልባችሁ ካልፈቀደ ደግሞ አመስግኖ አለመግባት ነውር የለበትም። ሴት እህቶቻችን ብቻቸውን ባይሞክሩት እመርጣለሁ፣ በሕግ ስለተፈቀደ ብቻ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሀይዌይ 20 የካስኬድ ተራሮችን ለማቋረጥ ካሰባችሁ ብዙ ቦታ ላይ ስልክ አይሠራም፣ ከማርብልማውንት እስከ ማዛማ ወደ 70 ማይል ያህል ነዳጅ ማደያም የለም፣ መሀል ላይ የሚያወርዳችሁን ሰው እሺ እንዳትሉ።

ስለ ወረቀቱ፣ ግሪን ካርድ ካለህ ይዘኸው ውጣ፣ ዜጋ ላልሆነ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ሊፍት ጠየቀም አልጠየቀም የፌደራል ሕግ ግዴታ ነው። የሞራንን ማደሪያም ከአሁኑ ያዙ፣ በሰመር ቶሎ ይሞላል።