«ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹን ጠላሁት» ላላችሁ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ መጽሐፍ ይዛ መጣች። በባሕር ማዶ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለሚንከራተት ሙት የሚተርክ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው። የድሬ ልጅ ናትና ሽበቴን ከቁም ነገር ሳትቆጥር «አንተ» ብላ ጠየቀችኝ፦ «ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹን ጠላሁት። ታዲያ ይሄ መጽሐፍ ጥሩ ነው መጥፎ?» የማይረባ መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ጥያቄው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ያስታወሰኝ ረቂቅ ነው።

ያ ረቂቅ ከብዙ ዓመት በፊት ለአርትዖት እጄ የገባ፣ በእጅ የተጻፈ 204 ገጽ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ሠራተኞች ግቢ በአንዱ ነው። ባቡሩ መሥራት አቁሟል። አንዲት የባቡር ነጂ ሚስት የነበረች ሴት ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጡሩምባ ትሰማለች። ሟቹ ባል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዴም አይታይም።

አሠራሩን ልብ በሉ። በባሕር ማዶው መጽሐፍ ፍርሃቱ የሚመጣው ከተዘጋ ክፍል ነው፤ መስኮት ይቧጠጣል፣ የእንጨት ደረጃ ሲጢጥ ይላል። ድሬ ላይ ይህ አያስፈራም። በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ስለሚተኛ መስኮቱ ቢቧጠጥም ከውስጥ የሚሰማ የለም። ደራሲዋ ይህን ስለምታውቅ ሰባት አባወራ በሚኖርበት ግቢ አልጋዎቹን ከሰማይ በታች ደረደረቻቸው። ጡሩምባው ሲነፋ ከአንዲት ሴት በቀር የሚገላበጥ የለም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻህን ብትሰማ ጎረቤት ትጠራለህ፤ ጎረቤቱ አጠገብህ ተኝቶ እያንኮራፋ ብቻህን ስትሰማ ግን ማንን ትጠራለህ?

ጡሩምባው የተነፋው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በገጽ 19፣ በገጽ 61 እና በገጽ 118። በመጀመሪያው ሴትዮዋ ሕልም ነው ብላ ተወችው። በሁለተኛው የግቢው ውሻ ቀና ብሎ ወደ ጣቢያው አየ። በሦስተኛው ማግስት የጎረቤት ልጅ ፊቱን እየታጠበ «ማታ ባቡር መጣ እንዴ?» አለ። ድምፁ አንድ ነው፤ የሚጨመረው ምስክሩ ነው። በአራተኛው ሌሊት ምንም አልተነፋም። ሴትዮዋ ለብሳ፣ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጣቢያው ሄደች፤ ረቂቁም የጣቢያው የብረት በር ጋ አለቀ።

እኔ በቀይ እስክሪብቶ «ማን ነው የነፋው?» ብዬ ጻፍኩበት። «አንባቢ ይጠይቅሻል፤ መልሺ» አልኳት። ሁለት ሳምንት ተሟገተችኝ። በመጨረሻ 11 ገጽ ጨመረች፤ የጣቢያው ዘበኛ በቴፕ ያጫውተው እንደነበር ይናዘዛል። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ ታተመ። ማብራሪያ ተከታዩን ገጽ ብቻ አይለውጥም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውንም ይበላል። ውሻው የቴፕ ድምፅ የሰማ ውሻ ሆነ፣ የልጁ ጥያቄም ተራ ጥያቄ። አንድ አንባቢ «እስከ ጣቢያው በር እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ዘበኛው ሲናገር ተኛሁ» አለኝ። በቀይ የጻፍኩት ጥያቄ ለሴትዮዋ እንጂ ለደራሲዋ የሚቀርብ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቡልጋርያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው ሐያሲ ቶዶሮቭ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ኃይል በማመንታት ላይ ነው ይላል። ነገሩ በተፈጥሮ ሕግ ይፈታል ወይስ ሌላ ዓለም አለ እያልን እስከዋለልን ድረስ ታሪኩ ይይዘናል፤ አንዱን ስንመርጥ ወደ ሌላ ዓይነት ታሪክ እንሻገራለን። ግማሽ መውደድ፣ ግማሽ መጥላት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ስሜታችሁ የተለወጠበትን ገጽ ፈልጉ። ከእሱ በፊት ያሉትን አምስት ገጾች ደግማችሁ አንብቡና ተመልከቱ፦ ሙቱ በሙሉ አካሉ ሲታይ ስንተኛው ነው? ሦስተኛ ጊዜ ፊት ለፊት የታየ ሙት ጎረቤት ይሆናል። የምዕራፉ መዝጊያ በር ሲከፈት የተገኘው ድመት ነው? አንዴ ይቻላል፤ ሁለቴ ማታለል ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ የሃያ ዓመቱን ምስጢር በአንድ ትንፋሽ ያወራል? እንግዲህ የእኔ ዘበኛ እሱ ነው።

የጠላችሁት ግን መጽሐፉን ላይሆን ይችላል፤ ትርጉሙን ሊሆን ይችላል። «መንፈስ» ሲባል ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው ወይ ቅዱሱን ወይ ርኩሱን ነው፤ ሁለቱም ሞቶ የተመለሰ ሰው አይደሉም። ጅን ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው። ዛር በሕያው ሰው ላይ ወጥቶ ይፎክራል፣ ቡናና ሽቶ ያዛል። የዚያ ልቦለድ ሙት ግን በደሉ ሳይነገርለት የተቀበረ የከተማው ሰው ነው። ልጅቱ ያመጣችውን ሳገላብጠው ተርጓሚው አንዱ ገጽ ላይ «መንፈስ»፣ ሌላው ላይ «ጅን»፣ ሌላው ላይ «ጥላ» ብሎታል። ሦስት ፍጡር አድርጎት ማን ይፍራው!

የባሕር ማዶውን ከተማም በራሱ ልክ ፍረዱት። ባለታሪኳ ወር ሙሉ ስትቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ?» ያላት የለም ብላችሁ አትሳቁ። ጀጎል ውስጥ ቢሆን ከፈላና በር ገብታ የመጀመሪያውን ጠባብ መንገድ ሳትጨርስ ትጠየቅ ነበር፤ በበረዶ አገር ግን በር ዝግ ነው። የፍርሃት ምልክትም እንደየአገሩ ነው። ሌላ ቦታ የጅብ ጩኸት ያስደነግጣል፤ ሐረር ላይ ጅብ ጅን ያባርራል ስለሚባል፣ በግንቡ ቀዳዳ ሲገባ የሚረጋጋ ሰው አለ። ሐረርን የማያውቅ ደራሲ እዚያ ላይ ጅብ ቢያስጮህ ፍርሃቱን ራሱ አጠፋው ማለት ነው።

ስለ እናንተም አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ሁሉን ነገር በኮከብ መስፈር ለምዳችኋል። ግማሽ መውደድና ግማሽ መጥላት ተደምሮ ሲካፈል ሦስት ኮከብ ይሆናል፤ ከዚያ ሦስት ላይ ግን የትኛውም ግማሽ አይገኝም። ደግሞ በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጩ አንብቦ «አላስፈራኝም» ማለት ምን ማለት ነው? መጨረሻውንም ቀድማችሁ አትዩ። እኔ አያለሁ፤ የሥራ አመል ነው፣ እኔን አትከተሉ።

ልጅቱ መጽሐፉን እኔ ዘንድ ትታው ሄዳለች። አንድ ገጽ ብቻ ጥጉ ታጥፏል። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወንበር ስባ «አሁን ሁሉንም ልንገርሽ» የምትልበት ገጽ ነው።