የእናቴ መድኃኒት በዛ፤ የቱን እንተው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ዳኦኒል፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። እግሯ ሲያብጥ ሌላ ክሊኒክ ወሰድናትና ላሲክስ ተጨመረላት። ጉልበቷ ሲብስባት ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እንገዛላታለን። አሁን ሌሊት ለሽንት ትመላለሳለች፣ ያዞራታል፣ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለማዞሩ የሚሆን መድኃኒት አለ? መድኃኒቱ ከበዛባትስ የቱን እንተው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለማዞሩ ሌላ ክኒን ከመጨመር በፊት ያሉት ይታዩ። እንደ ጻፉልን ከሆነ እናትዎን አዲስ በሽታ ሳይሆን የመድኃኒቶቻቸው መጠላለፍ እያንገላታቸው ሊሆን ይችላል።

ከእብጠቱ እንጀምር። አምሎዲፒን ግፊት የሚቀንሰው ትናንሽ ደም ወሳጅ ቧንቧዎችን በማስፋት ነው። ደም መላሾቹ ግን በዚያው ልክ ስለማይሰፉ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ሰርጎ ይቀራል። እብጠቱ በሁለቱም እግር ይታያል፣ ወደ ማታ ይብሳል፣ በ10 ሚሊ ግራም ደግሞ ከ5 ይልቅ ይበዛል። ሰውነት ያጠራቀመው ትርፍ ውኃ ስላልሆነ ላሲክስ ብዙም አያጎድለውም። ላሲክስ ሽንት ያበዛል፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ያጥባል፣ ከተኙበት ሲነሡ ግፊት እንዲወርድ ያደርጋል። በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ለሚመላለስ አዛውንት ይህ የመውደቂያ መንገድ ነው። እርግጥ እብጠት ሁሉ ከአምሎዲፒን አይመጣም፤ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት መመርመር አለባቸው። አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ዳይክሎፌናኩ ነው። ይህ መድኃኒት ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ስለሚያደርግ ግፊቱንም እብጠቱንም ያባብሳል። ከኢናላፕሪልና ከላሲክስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው። ዳይክሎፌናክ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ቧንቧ ያጠብባል፣ ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያላላል፣ ላሲክስ የሚደርሰውን ደም ያሳንሳል። ሦስቱ ሲደራረቡ ማጣሪያው ግፊት ያጣል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ኩላሊት ሲደክም የዳኦኒል ቅሪት በደም ውስጥ ይቆይና ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል፤ ያም በተራው ያዞራል፣ ይጥላል። ለጉልበት ብለን የገዛነው ክኒን በስኳሩ በኩል ዞሮ ሊመጣ የሚችለው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ኢቡፕሮፌንም ያው ነው፣ በእሱ አይተኩት። በምትኩ ጉበታቸው ጤነኛ ከሆነና አልኮል የማያዘወትሩ ከሆነ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ መስጠት ይቻላል። የጉንፋን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ፓራሲታሞል በውስጡ መኖሩን አይተው ይቀንሱ። ጉልበት የሚሸከመው የጭን ጡንቻ ነውና ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ አምስት እስኪቆጠር ይያዙ፣ በየእግሩ አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። በሳምንት ውጤት አይጠብቁ፤ ወራት ይፈልጋል፤ ግን ይረዳል።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በራስዎ አያቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም ግፊቱም ስኳሩም ሊያሻቅብ ይችላል። ይልቅ ሐኪሙ የሚወስንበትን መረጃ ይያዙለት። እናትዎ አምስት ደቂቃ ጋደም ብለው ግፊታቸውን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው ከአንድ ደቂቃና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ማዞሩ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ባዞራቸው ሰዓት ደግሞ ስኳራቸውን ይለኩ። ከዚያ በቤት ያለውን ክኒን፣ ሽሮፕ፣ ቅባት፣ ጥቁር አዝሙዱንና የሺፈራው ዱቄቱን ሳይቀር በአንድ ፌስታል ይዘው አንድ ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ይቅረቡ። ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነ ግን ዛሬ ይሂዱ። ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ይመርመሩ። ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፦ አምሎዲፒኑ ወደ 5 ሊወርድ ይችላል? ላሲክሱ ያስፈልጋል? በዳኦኒሉ ፋንታ ስኳርን ከልክ በታች የማያወርድ ሌላ አለ? ላሲክሱ ይቀጥል ከተባለ ጠዋት እንጂ ማታ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመቱ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለበት። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ዳኦኒሉን ግን ጠዋት ይውጣል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ የማይሆን ነገር ይናገራል። እርጅና ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እርጅና ብለው አይለፉት። ዳኦኒል ተውጦ ምግብ ከዘገየ ስኳር ይወርዳል፤ መድኃኒቱ እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። በአዛውንት ላይ የስኳር መውረድ ሁልጊዜ በላብና በመንቀጥቀጥ አይታይም፤ መፍዘዝ፣ ንግግር መዘበራረቅ ወይም እንቅልፍ ማብዛት ብቻ ሊሆን ይችላል። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች ከወሰዱ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ይበልጥ ይደበቃል።

እንዲህ ሲሆኑ ይለኩ፤ መለኪያ ከሌለ ግን አይጠብቁ። ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ፤ ሲሻላቸው እንጀራ ወይም ዳቦ ይብሉ። ስኳሩ ከወጣም በኋላ ንግግራቸው ካልተስተካከለ ወይም ፊታቸው ከተጣመመና አንድ ጎናቸው ከደከመ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አፋጥነው ይውሰዷቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይጨምሩ፣ ያንቃቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በዳኦኒል የወረደ ስኳር ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ጾሙን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ታማሚን በሰዓት አታስገድድም። ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ሥጋና ወተቱን ትተው ጠዋት ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ መብላት ይችላሉ። በረመዳንም እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። መድኃኒቱ የሚስተካከለው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ነው። የስኳር ግባቸውንም ያስጠይቁ፦ ብዙ በሽታ ላለበት አዛውንት የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ (HbA1c) ከ8 በመቶ በታች መሆኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ 6 ለማውረድ መሯሯጥ መውደቅን ያመጣል።

ጥያቄ፦ ከለንደን ለወላጆቼ ኖርቫስክና የስኳር መለኪያ ልላክ? (ከለንደን)

መልስ፦ ኖርቫስክና አምሎዲፒን አንድ ናቸው፤ ግሉኮፋጅና ሜትፎርሚንም እንዲሁ። ማሸጊያው የተለየ ስለሆነ ሁለቱንም የሚውጡ ወላጆች አሉ። ሐኪማቸው ሳያውቅ መድኃኒት አይላኩ። መላክ ከፈለጉ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ማሰሪያው ለክንዳቸው ልክ የሆነ የግፊት መለኪያ ይጠቅማል።

የስኳር መለኪያው ላይ ይጠንቀቁ። የእንግሊዙ በሚሊሞል ይቆጥራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራበት ሚሊ ግራም በዴሲሊተር ነው። ቁጥሩን በ18 ሲያባዙት ይገናኛሉ፦ 4 ማለት 72፣ 10 ማለት 180 ነው። ይህን ያልተነገራቸው እናት 6 ቁጥር አይተው ሊደነግጡ ይችላሉ። ቢቻል በሚሊ ግራም የሚያሳየውን ይግዙ፤ ከመግዛትዎም በፊት ለዚያ መለኪያ የሚሆነው ስትሪፕ (ደም የሚነካበት ቁራጭ) ወላጆችዎ ባሉበት ከተማ መገኘቱን ያስጠይቁ፤ የአንዱ ስትሪፕ በሌላው አይሠራም። ስትሪፑ በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እርጥበት ከገባው ቁጥሩ ይሳሳታል።